ሌጎስ የምትሄዱ፣ እኚህን ሴት ሳታገኙ እንዳትነሱ

ናይጄሪያን ላስጎበኙኝ አንዲት እናት ቃል ገብቼላቸው ስለነበር ነው የምጽፈው። ከናይጄሪያ ከተመለስኩ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ሥራ አላፈናፍን ብሎኝ ዘገየሁ። ትናንት አንዲት ጓደኛዬ «ሌጎስ ልሄድ ነው፣ ማን ያዞረኛል?» ብላ ደወለች። አንድ ሰዓት ሙሉ አወራኋት። ለምን ለሁላችሁም አልነግርም አልኩ።

መጀመሪያ ግን ምሬቴን ልወጣው። አምና ለሥልጠና ሌጎስ ሄጄ ሁለት ቀን ትርፍ ነበረኝ። «የዮሩባ ባህል ጉብኝት» የሚል ነገር ኢንተርኔት ላይ አገኘሁ (ዮሩባ የደቡብ ምዕራብ ናይጄሪያ ሕዝብ ነው)፤ ፎቶው ልብ ይሰርቃል። ግማሹን ክፍያ አስቀድሜ ላክሁ። ሾፌሩ ጠዋት ይመጣል ተብሎ እኩለ ቀን ላይ ብቅ አለ። የወሰደኝ ሞል ነው። አዎ፣ ሞል! ከዚያ ማታ አንድ ሆቴል አስገብቶኝ አራት ልጆች አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰው ሩብ ሰዓት ጨፈሩልን። ሲጨርሱ ሳህን ዞረ። ሾፌሩን «ባህሉ ይሄው ነው?» ስለው «ማዳም፣ ቱሪስት የሚወደው ይሄን ነው» አለኝ። ስንመለስ ደግሞ መንገዱ ስለተዘጋጋ ተጨማሪ ክፈይ ተባልኩ። የትራፊኩን እኔ ነኝ እንዴ የዘጋሁት?

ዘንድሮ ይባስ ብሎ እዚሁ አዲስ አበባ አንድ ኤጀንት ቀብድ ተቀብሎ ሁለት ወር «ነገ፣ ከነገ ወዲያ» ሲለኝ ከረመ። ገንዘቤን ቆርጦ መለሰልኝ፣ እሱንም በስንት ልመና። ስማቸውን አልጠራም፣ እነሱ ራሳቸውን ያውቃሉ።

እኚህን ሴት ያገናኘችኝ ሌጎስ የምትኖር አንዲት አበሻ ናት። ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፣ የእናቴ እኩያ። የተወለዱት ኦሾግቦ ነው። እዚያ ሁሉም ሰው «አንቲ» ነው የሚላቸው፣ እኔም በዚያው ጠራኋቸው። የሄድኩት እዚያ በነሐሴ መጀመሪያ የሚደርሰውን፣ ኦሹን የሚሏትን የወንዝ አምላክ በዓል ለማየት ነው። ነሐሴ ሲባል ምን ትዝ ይላችኋል? ፍልሰታ! እናቴ ስትሰማ «በፍልሰታ የወንዝ ጣኦት ልታዪ ነው?» ብላ ሁለት ቀን አኮረፈችኝ። እውነቱን ለመናገር እኔም ሆዴ ፈርቶ ነበር።

ይሄንን ለአንቲ በስልክ ነገርኳቸው። አልሳቁብኝም። እሳቸው ክርስቲያን ናቸው፣ ወንድማቸው ሙስሊም፣ አጎታቸው ደግሞ የኦሹን አገልጋይ። ሁሉም በአንድ ገበታ ነው የሚበሉት። «ማየት ማምለክ አይደለም። የማይመችሽ ቦታ ላይ ምልክት ስጪኝ፣ እንወጣለን» አሉኝ። አንድም ቀን ምንም አድርጊ ብለው አልገፋፉኝም። ከዚያ በኋላ ልቤ አረፈ።

አሁን ዋናውን ልንገራችሁ። ኦሾግቦ ከሌጎስ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ በኢባዳን በኩል። በመጀመሪያው ማታ ምግብ ሲመጣ እንደማልነካ አዩ። ጾሜን ነገርኳቸው፦ ሥጋ የለም፣ ወተት የለም፣ እንቁላል የለም፣ ዓሣም አልበላም። መቼ ትበያለሽ ሲሉኝ በለመደ አፌ «ናይን ኦክሎክ» አልኳቸው።

በማግስቱ ከጠዋቱ በ3 ሰዓት በሬ ተንኳኳ። አንቲ ናቸው፣ ትኩስ አካራ በጋዜጣ ጠቅልለው ይዘዋል። አካራ አደንጓሬ ከሚመስል የተፈጨ ጥራጥሬ በሽንኩርትና በቃሪያ ተለውሶ በዘይት የሚጠበስ ነገር ነው። ጠባሿ ጋ ጎህ ሲቀድ ሄደው፣ ዓሣ ያልነካው አዲስ ዘይት ራሳቸው ገዝተው፣ ቆመው አስጠብሰው ነው የመጡት። እኔ ደግሞ ያልኩት የእኛን ዘጠኝ ሰዓት ነው! በእነሱ ሦስት ሰዓት ከቀትር በኋላ መሆኑ ነው። ሳስረዳቸው መሬት ላይ ቁጭ ብለው እስኪያለቅሱ ሳቁ። ከዚያ አካራውን ለሾፌሩ ሰጡት። በዘጠኝ ሰዓት፣ በእኛው ዘጠኝ፣ አዲስ አካራ ተጠብሶ መጣ። በማግስቱም እንደዚያው። (ሰዓታችን በሁለት ይቀድማቸዋል። በአገሬ ሰዓት ብቆጥር ቀደም ብዬ መብላት እችል ነበር፣ ግን ኅሊናዬ እምቢ አለ።) ወጥ ሲቀርብ ደግሞ እሳቸው ቀድመው እየጠየቁ «ይሄ የተፈጨ ደረቅ ሽሪምፕ አለበት፣ ተዪው» ይሉኛል። እኔማ በዓይኔ አልለየውም። እናቴ ይሄን ስትሰማ ነው የታረቀችኝ።

በዓሉን እንዴት እንደምነግራችሁ አላውቅም። አንድ ማታ 16 አፍ ያለው የመብራት ማማ ይለኮሳል፣ የከተማዋ ንጉሥ አታኦጃም ይዞሩታል። ዋናው ቀን ላይ ደግሞ አሩግባ የምትባል ያላገባች የንጉሥ ዘር ልጅ፣ በጨርቅ የተሸፈነ ቅል በራሷ ተሸክማ ከቤተ መንግሥቱ ወደ ወንዙ ትሄዳለች። ከተደናቀፈች መጥፎ ምልክት ነው ይላሉ፤ ሕዝቡ ጸሎቱን ወደ እሷ ይወረውራል። ላወዳድር አይደለም፣ ግን በራስ ላይ የተሸፈነ ነገር ተይዞ ከተማ ሙሉ ሰው ሲከተል ጥምቀት ትዝ አለኝ፣ እንባዬ መጣ። ስልኬን ላወጣ ስል አንቲ እጄን ዝቅ አድርገው «ይሄን በዓይንሽ እዪው» አሉኝ። ሰው ሲገፋፋ ደግሞ ነጠላዬን ከራሳቸው ልብስ ጋር ቋጥረው እየጎተቱ አወጡኝ። እሳቸው ባይኖሩ ጫማዬን ብቻ ሳይሆን ራሴንም እጥል ነበር። ጫማዬማ አንዱ እዚያው ቀርቷል።

ወንዙ ያለበት ጫካ 75 ሄክታር ነው፣ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2005 መዝግቦታል። ሱዛን ቬንገር የምትባል የኦስትሪያ ሠዓሊ እ.ኤ.አ. በ1950 ናይጄሪያ መጥታ፣ ኋላ ከአካባቢው አርቲስቶች ጋር ጫካው ውስጥ ያሉትን ሐውልቶች እየሠራች እ.ኤ.አ. በ2009 እስክትሞት እዚያው ከተማ ኖረች። ጫካው እንዲተርፍ የታገለች ሴት ናት። አንቲ ስለሷ ሲያወሩ ስለ ጎረቤታቸው የሚያወሩ ነው የሚመስላችሁ።

ሌጎስ ስንመለስ ያው ሌጎስ ነው። ቢጫዎቹ ዳንፎ ሚኒባሶች፣ ጩኸቱ፣ 12 ኪሎ ሜትር ሊሞላ ትንሽ የቀረው ሰርድ ሜይንላንድ ድልድይ ላይ ተገትሮ መቅረት። አንቲ ተጨማሪ ክፍያ አልጠየቁም። ቁጭ ብለን ሰላምታ አስተማሩኝ። ዮሩባ ለሁሉም ነገር ሰላምታ አለው፤ ለሚሠራ ሰው «ኤ ኩ ኢሼ» ትሉታላችሁ፣ እንደ እኛ «በርቱ»። ልጃገረዶች ለትልቅ ሰው ይንበረከካሉ፣ ወንዶቹ ጭራሽ በደረታቸው ይተኛሉ። ጉልበት መሳም ለለመደ ሰው ሩቅ አይደለም።

ቅዳሜ ዘመዳቸው ሠርግ ወሰዱኝ። ገሌ፣ ያንን ትልቅ የራስ ጥምጥም፣ ራሳቸው አሰሩልኝ። ከበሮ መቺው መጥቶ ፊቴ ቆመ፤ ከበሮው በድምፅ ከፍና ዝቅ ይናገራል፣ እንደ አዝማሪ ያወድሳችኋል፣ እናንተም ትሸልማላችሁ። ብር ልበትንለት ስል አንቲ በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝ፦ ናይራ መበተን በሕግ ክልክል ነው፣ በፖስታ ስጪው። ሠርገኛው ግማሹ እየበተነ ነበር፣ ያ ሌላ ጉዳይ ነው።

ወገኖቼ፣ እባካችሁ እኚህን ሴት ያዙ። ቀብድ የሚቀበሉት የሆቴሉን ብቻ ነው፣ የራሳቸውን ሲያልቅ ነው የከፈልኳቸው። የቢጫ ወባ ካርዳችሁን እንዳትረሱ፣ እሱንም ሦስት ጊዜ ያስታወሱኝ እሳቸው ናቸው። ስልካቸው በአደባባይ እንዲወጣ ስለማይፈልጉ ኢንቦክስ ጻፉልኝ፣ እሰጣችኋለሁ። ለመጪው ነሐሴ ከሆነ ከአሁኑ አናግሯቸው። የምትጾሙ ከሆነ አስቀድማችሁ ንገሯቸው። ዘጠኝ ሰዓት ስትሉ ግን የማን ዘጠኝ ሰዓት እንደሆነ ጨምሩበት።