ማስ ኢፌክት 2፦ የ2010ሩ ብቻውን ወይስ ሌጀንደሪ ኤዲሽን?

ማስ ኢፌክት 2 የተባለውን የጠፈር ጌም ልግዛ ብሎ የጌም መደብር የከፈተ ሰው ሁለት ነገር ያገኛል። አንደኛው እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2010 የወጣው የቀድሞው ጌም ነው። ሌላው በሜይ 2021 የወጣው ሌጀንደሪ ኤዲሽን ሲሆን ሦስቱንም የማስ ኢፌክት ክፍሎች አድሶ በአንድ ጥቅል ይዟል። ሁለቱንም የሠራው የካናዳው ባዮዌር ነው፤ አሳታሚው ኢኤ። ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚጠይቁኝ «ግራፊክሱ ምን ያህል ይለያያል?» ብለው ነው። እኔ ግን መልሼ የምጠይቃቸው ሌላ ነገር ነው፦ አንደኛውን ክፍል ተጫውታችኋል?

ማስ ኢፌክት የሠራችሁትን አይረሳም። በአንደኛው ክፍል ማንን እንዳዳናችሁና ማንን እንደተዋችሁ ሴቩ (ጨዋታችሁ የተቀመጠበት ፋይል) ይይዘዋል፤ ሁለተኛው ክፍል ያንን አንብቦ ዓለሙን በዚያው ልክ ያሰናዳል። የቀድሞውን ሁለተኛ ክፍል ያለ ዲኤልሲ (ለየብቻ ይሸጥ የነበረ ተጨማሪ ይዘት) ብቻውን ገዝታችሁ ያለ ሴቭ ስትጀምሩ ግን ውሳኔውን ጌሙ ራሱ ይወስንላችኋል፤ የሚመርጠውም ክፉ ክፉውን ነው። ብዙ ተጫዋች የሚወደው ሬክስ የተባለው፣ ክሮጋን ከሚባሉት የሌላ ዓለም ፍጡራን አንዱ፣ ሞቷል። የጋላክሲው ምክር ቤት አባላት አልቀዋል። እናንተ አንድ ጥይት ሳትተኩሱ የሰው ዕዳ ተሸክማችሁ ትገባላችሁ ማለት ነው። ታሪኩ ይገባችኋል፣ ትደሰቱበታላችሁም፤ ግን አንዳንዱ ሰው ሲያኮርፋችሁ ለምን እንደሆነ አታውቁትም።

ሌጀንደሪ ላይ ሁለት መንገድ አለ። ከአንደኛው ጀምራችሁ ሴቩን ይዛችሁ መሻገር ትችላላችሁ። አንደኛውን የማለፍ ሐሳብ ካላችሁ ደግሞ ሁለተኛውን ስትጀምሩ ጄነሲስ የተባለ አጭር የሥዕል ታሪክ ይቀርብላችኋል፤ የአንደኛውን ክፍል ታሪክ እየነገረ ዋና ዋናዎቹን ውሳኔዎች እናንተ እንድትወስኑ ይጠይቃል። ጥሩ ነው፣ ግን ያው ማጠቃለያ ነው። ቫይርማየር በተባለች ፕላኔት ላይ ከሁለት ባልደረቦች አንዱን መተው በሥዕል ላይ አንድ ቁልፍ መጫን ነው። አሥር ሰዓት ከጎናችሁ ሆነው ከተዋጉ በኋላ ሲሆን ግን እጅ ይከብዳል።

ስለ ሁለተኛው ክፍል ራሱ ትንሽ ልበል፤ ገንዘቡ የሚወጣው ለእሱ ነውና። እናንተ የምትጫወቱት ገጸ ባሕርይ፣ ኮማንደር ሼፐርድ፣ ገና በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ይሞታል፤ ወይም ትሞታለች፣ ምርጫው የእናንተ ነው። ሰርበረስ የተባለ በምስጢር የሚሠራ ድርጅት ሁለት ዓመት ፈጅቶ ይጠግነዋል። የድርጅቱ መሪ ኢሉሲቭ ማን ይባላል፤ ድምፁ የተዋናዩ የማርቲን ሺን ነው። ጠላቶቹ ኮሌክተርስ ናቸው፤ የሰው ሰፈራዎችን ባዶ እያደረጉ ሕዝቡን አፍነው ይወስዳሉ። የእናንተ ሥራ ጋላክሲውን ዞሮ ቡድን መሰብሰብና ማንም ሄዶ ወዳልተመለሰበት ቦታ መሄድ ነው። ዲኤልሲውን ከጨመርን የቡድኑ አባላት 12 ይደርሳሉ፤ እያንዳንዳቸውም የራሳቸው የቤት ጣጣ አላቸው። አባቱን የሚፈልግ አለ፣ በአገር ክህደት የተከሰሰች አለች፣ ልጁን ከገዳይነት ለመመለስ የሚሯሯጥ አባትም አለ። ጣጣቸውን ብትፈቱላቸው ታማኝ ይሆናሉ፤ ባትፈቱላቸው በመጨረሻው ተልዕኮ ዋጋው ይከፈላል።

ያ የመጨረሻ ተልዕኮ ነው ጌሙን እስከ ዛሬ ያስወራው። ማን ምን ይሥራ የሚለውን የምትመድቡት እናንተ ናችሁ፤ የተሳሳተ ሰው የተሳሳተ ቦታ ከላካችሁ ይሞታል፣ በዚያው ይቀራል። ሼፐርድ ራሱ ሊሞት ይችላል። እኔ አንድ ባልደረባዬን ያጣሁት በስንፍናዬ ነው። የመርከቧን የብረት ልባስ ለማጠናከር ፓላዲየም ያስፈልጋል፤ ፓላዲየም ለማግኘት ደግሞ እያንዳንዷን ፕላኔት በመቃኛው እየዳሰሱ ማሰስ አለ። ከመላው ጌም አሰልቺው ነገር ይኼ ነው፣ በሁለቱም ቅጂ። ሰለቸኝ፣ «ይበቃል» ብዬ ተነሣሁ። ልባሱ ሳይጠናከር ገባንና ገና ከመድረሳችን አንዷ ተገደለች። ስሟን አልናገርም፤ ፓላዲየሙን ግን ሰብስቡ።

አሁን ወደ ማሽኑ። እዚህ ላይ ነው የቀድሞው ቅጂ የሚያሸንፈው። የ2010ሩ ጌም በዝቅተኛ ደረጃ የሚጠይቀው 15 ጊጋባይት የሃርድ ዲስክ ቦታና በዊንዶውስ ቪስታ ላይ 2 ጊጋባይት ራም ነው። በሌላ አነጋገር ለቢሮ ሥራ የተገዛ ተራ ላፕቶፕ ላይም ሊሄድ ይችላል። ሌጀንደሪ ግን 120 ጊጋባይት ቦታ፣ 8 ጊጋባይት ራም፣ ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ 10፣ ቢያንስም የጂቲኤክስ 760 ደረጃ ያለው ግራፊክስ ካርድ ይፈልጋል። ኢንተርኔት በሞባይል ጥቅል እየገዛ ለሚጠቀም የአዲስ አበባ ተጫዋች 120 ጊጋባይት ቀልድ አይደለም፤ የጌሙን ዋጋ በቅናሽ አግኝቶ የዳውንሎዱ ወጪ ሊበልጥበት ይችላል። ዲሲ ወይም ሮም ቤቱ ዋይፋይ ላለው ሰው ይህ ጥያቄ አይነሣም፤ ማታ አስነሥቶ መተኛት ነው።

ስለ ጆይስቲክ ሳልናገር እንዳልቀር። የ2010ሩ የኮምፒውተር ቅጂ ጆይስቲክ አይቀበልም። በማውስና በኪቦርድ መጫወት ግዴታ ነው። ሌጀንደሪ በኮምፒውተርም ላይ ይቀበላል። ሶፋ ላይ ተጋድሞ መጫወት የለመደ ሰው ይቺን ሳያውቅ ቢገዛ ቅር ይለዋል።

ግራፊክሱስ? እውነቱን ለመናገር ትልቁ ለውጥ ያለው አንደኛው ክፍል ላይ ነው። የ2007 ጌም ነበርና ፊቱ፣ ብርሃኑ፣ ተኩሱ፣ ማኮ የተባለው ተሽከርካሪ አነዳድ ሳይቀር ተስተካክሏል፤ ረጅሙን የሊፍት ጉዞም ማለፍ ይቻላል። ሁለተኛው ላይ የተነካው ያነሰ ነው፦ ምስሉ ጠርቷል፣ እስከ 4ኬ ይሄዳል፣ የቆዳና የልብስ ዝርዝሩ ጨምሯል፣ ጥይትም ቀድሞ ከነበረው በተሻለ ይገኛል። ሁለቱን ጎን ለጎን ብታዩ ልዩነቱን ታዩታላችሁ፤ ለየብቻ ብታዩ ግን የቀድሞውም ዛሬ የሚያሳፍር አይደለም። ለሁለተኛው ክፍል ምስል ብቻ ብላችሁ ሌጀንደሪን አትግዙ።

ዲኤልሲው ግን ያስገዛል። ያኔ ለየብቻ ይሸጡ የነበሩት ተጨማሪ ታሪኮች ሌጀንደሪ ውስጥ ሁሉም አሉ፤ ከአንደኛው ክፍል ፒናክል ስቴሽን ብቻ ነው የቀረው፣ እሱም የሚናፈቅ አልነበረም። ከሁለተኛው ክፍል ሻዶው ብሮከር የተባለውን የምስጢር መረጃ ነጋዴ አሳድዳችሁ የምትገጥሙበት ታሪክ ከዋናው ጌም ምርጥ ክፍሎች ጋር የሚወዳደር ነው። አራይቫል ደግሞ ወደ ሦስተኛው ክፍል የሚያሻግር ድልድይ ነው፤ እሱን ያልተጫወተ ሰው ሦስተኛውን ሲጀምር ሼፐርድ ለምን እንደታገደ ግራ ይገባዋል። የቀድሞውን የምትገዙ ከሆነ የትኞቹ ታሪኮች አብረው እንደተካተቱ ገጹ ላይ አንብባችሁ አረጋግጡ። ሌጀንደሪ የጎደለው አንድ ነገር የሦስተኛው ክፍል የኦንላይን የቡድን ጨዋታ ነው፤ እሱ አልተካተተም።

ያገለገለ ዲስክ ለሚፈልግ ደግሞ እንዲህ ነው። የፕሌይስቴሽን 3 ዲስክ ፕሌይስቴሽን 4 እና 5 ላይ አይሠራም፤ ርካሽ ነው ብላችሁ እንዳትሸወዱ። የኤክስቦክስ 360ው ዲስክ ማስገቢያ ባለው ኤክስቦክስ ዋንም ሆነ ሲሪስ ኤክስ ላይ ይሠራል፤ ሲሪስ ኤስ ማስገቢያ ስለሌለው አይሆንም። የ360ው ቅጂ ባለ ሁለት ዲስክ ነው። እኔ አንዴ ከአንድ ሱቅ ገዝቼ ቤት ስደርስ ሁለተኛው ዲስክ የለም፤ በምትኩ የእግር ኳስ ጌም ተቀምጦልኛል። ሻጩ ፊት ሳጥኑን ክፈቱ።

በሁለቱም ቅጂ አማርኛ የለም። ንግግሩ ብዙና ፈጣን ስለሆነ ንግግሩን ከሥር በጽሑፍ የሚያሳየውን ሰብታይትል መጀመሪያውኑ አብሩት፤ ተኩሱን ብቻ ፈልጎ ንግግሩን የሚዘል ሰው ከዚህ ጌም ግማሹን ጥሎታል።

ስለዚህ ደህና ማሽን፣ ፕሌይስቴሽን 4 እና ከዚያ በላይ ወይም ኤክስቦክስ ዋን እና ከዚያ በላይ ያለው ሰው ሌጀንደሪን ይግዛ፤ ከአንደኛው ይጀምር፣ አይዝለል። አንደኛው ቀስ ይላል፣ የጎን ተልዕኮዎቹም ይደጋገማሉ፤ ዋናውን ታሪክ ብቻ ተከትሎ መሻገር ነውር የለውም። አከታትሎ ደጋግሞ ቅናሽ ስለሚደረግበት በሙሉ ዋጋ መግዛትም አያስፈልግም። ላፕቶፑ ያረጀ ወይም ዳታው የተቆጠረ ሰው ግን የ2010ሩን ያለ ሐፍረት ይውሰድ። የአንደኛው ክፍል ሴቭ ከድሮ ኮምፒውተሩ ላይ ካለውማ ጭራሽ ሌላ ነገር አይፈልግም፤ ያኔ አትርፎት ከነበረ ሬክስም የክሮጋኖች ፕላኔት በሆነችው ቱቻንካ ላይ በሕይወት ይጠብቀዋል።