መድፈን ወይስ ማፍረስ?

አንዳንድ የጡት ካንሰር ሕዋሳት ከሞት የሚያመልጡት ቢሲኤል-ኤክስኤል በተባለ ፕሮቲን ጋሻነት ነው። በፕሮቲኑ ገጽ ላይ ረዘም ያለ ቦይ አለ፤ የሞት ትእዛዝ የሚያደርሱ ፕሮቲኖች የሚታሰሩት እዚያ ነው። ናቪቶክላክስ የተባለው መድኃኒት ቦዩን ይደፍናል፤ የታሰሩት ይለቀቃሉ፣ የሚቶኮንድሪያው (የሕዋሱ ኃይል ማመንጫ) ሽፋን ይበሳል፣ ሕዋሱም ራሱን ያጠፋል። ችግሩ ደምን የሚያረጉት ፕሌትሌቶችም በሕይወት የሚቆዩት በዚሁ ፕሮቲን መሆኑ ነው፤ መድኃኒቱ ሲጨመር ቁጥራቸው ያሽቆለቁላል።

ፕሮታክ የሚባለው ሁለተኛው መንገድ ባለ ሁለት እጅ ነው፦ በአንዱ ቢሲኤል-ኤክስኤልን፣ በሌላው የሚፈርሱ ፕሮቲኖችን የሚለየውን ቪኤችኤል የተባለ ፕሮቲን ይይዝና ኢላማውን ለሕዋሱ የፕሮቲን ማፍረሻ ይዳርጋል። ቪኤችኤል በፕሌትሌቶች ውስጥ እጅግ አነስተኛ በመሆኑ እነርሱ በአብዛኛው ይተርፋሉ። እኔን የሚማርከኝ ይህ ብልሃት ነው። ሞለኪውሉ ግን ግዙፍ ስለሆነ በአፍ የሚወሰድ አድርጎ መቅረጹ ይከብዳል፤ ናቪቶክላክስ ይዋጣል።