የኤሌክትሮላይት መጠጥ፦ ቤት ልበጥብጥ ወይስ ልግዛ?

መጀመሪያ የገዛሁት የኤሌክትሮላይት መጠጥ፣ ማለትም እንደ ሶዲየምና ፖታሲየም ያሉ ጨዎች ያሉበት መጠጥ፣ ሰማያዊ ቀለም ያለው ጠርሙስ ነበር። ረጅም ሩጫ ሮጬ ነው የመጣሁት። ላቡ ከነቴራዬ ላይ ደርቆ ነጭ መስመር ሠርቷል፤ አፌ እንጨት ሆኗል። ግማሽ ሊትሩን በአንድ ትንፋሽ ጨለጥኩት። ጀርባውን ያነበብኩት ከጨረስኩ በኋላ ነው። ስኳር 30 ግራም። ሶዲየም 225 ሚሊግራም፤ ወደ ጨው ሲቀየር የሻይ ማንኪያ አንድ አስረኛ ቢሆን ነው። የቀረው ውሃ፣ ቀለምና ማጣፈጫ።

"ያን ሁሉ የከፈልኩት ለዚህ ነው?" አልኩ። ጨውም ስኳርም ውሃም ቤቴ ሞልቷል።

ከዚያ ወዲህ ብዙ በጥብጫለሁ፣ ብዙም ገዝቻለሁ። የደረስኩበትን ልንገራችሁ። ለላብ ከሆነ ቤት በጥብጡ። ለተቅማጥና ለትውከት ከሆነ ግን፣ እስከተገኘ ድረስ የታሸገውን ኦአርኤስ (በውሃ ተበጥብጦ የሚጠጣውን የጨውና የግሉኮስ ዱቄት) ግዙ። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚውል ሰው ደግሞ ሁለቱም አያስፈልጉትም፤ ውሃውን ይጠጣ።

ስኳሩ ለጣዕም አይደለም

ብዙ ሰው ስኳሩ ለማጣፈጥ የገባ ይመስለዋል። እኔም ይመስለኝ ነበር። ቀጭኑ አንጀታችን ግድግዳ ላይ ግን ሶዲየምንና ግሉኮስ የተባለውን የስኳር ዓይነት አብሮ የሚያስገባ በር አለ። አንድ ግሉኮስ ሲያልፍ ሁለት ሶዲየም ይዞ ያልፋል፤ ውሃው እነሱን ተከትሎ ይገባል። ይህን አሠራር የባዮኬሚስትሪ ተመራማሪው ሮበርት ክሬን ናቸው እ.ኤ.አ. በ1960 ያቀረቡት። የሚገርመው፣ ኮሌራ አንጀትን ሲያምስ እንኳ ይህ በር አይዘጋም።

ጥቅሙ በጉልህ የታየው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። ከባንግላዴሽ ጦርነት የሸሹ ሰዎች ሕንድ ድንበር ላይ ባንጋኦን በሚባል ቦታ ሰፍረው ሳለ ኮሌራ ገባባቸው። በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ አለቀ። ዶክተር ዲሊፕ ማሃላናቢስ ጨው፣ ግሉኮስና ቤኪንግ ሶዳ በውሃ አስበጥብጠው በበርሜል አስቀመጡ፤ ቤተሰብ እየቀዳ ሕመምተኛውን አጠጣ። 30 በመቶ ገደማ የነበረው ሞት ከ4 በመቶ በታች ወረደ።

ስለዚህ ማንኛውንም ጠርሙስ ወይም ፓኬት ስታነሱ ሦስት ቁጥር ፈልጉ፦ ሶዲየም፣ ስኳር፣ ፖታሲየም። "ቫይታሚን የተጨመረበት" የሚለውን እለፉት። ላብም ተቅማጥም በዋናነት የሚወስዱባችሁ ውሃና ጨው እንጂ ቫይታሚን አይደለም።

ፓኬቱና ማንኪያው

የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ የሚመክሩት ኦአርኤስ ለአንድ ሊትር ውሃ 2.6 ግራም ጨው፣ 13.5 ግራም ግሉኮስ፣ 1.5 ግራም ፖታሲየም ክሎራይድ እና 2.9 ግራም ሶዲየም ሲትሬት (የደምን አሲድነት የሚያስተካክል ጨው) አለው። ሶዲየሙ ሲደመር 1,700 ሚሊግራም ገደማ ይሆናል፤ ፖታሲየሙ 780 ገደማ። የድሮው ከዚህ ይበልጥ ጨውና ስኳር ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ2002 ቀለል እንዲል የተደረገው ቀጠን ያለው ተቅማጡንም ትውከቱንም የበለጠ እንደሚቀንስ ስለታየ ነው።

የቤቱ ደግሞ ብዙዎቻችን የምናውቀው ነው። አንድ ሊትር ንጹህ ውሃ፣ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። ሶዲየሙ 1,200 ሚሊግራም ይጠጋል፤ ስኳሩ 25 ግራም ገደማ ነው። ስኳሩ ከኦአርኤሱ እጥፍ ይመስላል። ግን የተለመደው ነጭ ስኳር ግማሹ ግሉኮስ፣ ግማሹ ፍሩክቶስ ነው። በሩን የሚከፍተው ግሉኮሱ ስለሆነ ሁለቱ እኩል ናቸው ማለት ይቻላል። ይህን ቀመር ያወጣው ሰው እጁ ይባረክ።

የቤቱ ጉድለት ፖታሲየምና ሲትሬት የሌለው መሆኑ ነው። ተቅማጥ ፖታሲየም ይዞ ይወጣል፤ ስለዚህ ቀላል ጉድለት አይደለም።

ለእኔ ግን ትልቁ ልዩነት ማንኪያው ነው። አንድ ቀን የወጥ ቤት ሚዛን አውጥቼ ጨው መዘንኩ። የሻይ ማንኪያውን ሞልቼ ላዩን በቢላ ጀርባ ስጠርገው 6 ግራም ሆነ። ያንኑ ማንኪያ ክምር አድርጌ ስመዝነው ወደ 10 ግራም ተጠጋ። ማንኪያው ያው፣ እጁም ያው፤ ጨው ግን ከግማሽ በላይ ጨመረ። በዚያ ላይ የቤታችን ማንኪያዎች ሁሉም እኩል አይደሉም። ደቃቅ ጨውና ጠጠር ጠጠር ያለ ጨውም ማንኪያ ላይ እኩል አይመዝኑም፤ ጠጠር ያለው በፍሬዎቹ መሐል ክፍተት ስላለ ይቀላል።

ከመመዘኔ በፊት አንዴ ቸኩዬ በዓይኔ ገምቼ በጥብጬ ነበር። ግማሹን ሳልጨርስ ሆዴ ተገለባበጠ፤ ጥሙም ባሰብኝ። ለትልቅ ሰው የተበላሸ ከሰዓት በኋላ ነው፣ ያልፋል። ለሕፃን ግን አያልፍም። ጨው የበዛበት ብጥብጥ የደም ሶዲየምን ሽቅብ ይወስደዋል፤ ሲብስ እስከ ማንቀጥቀጥ ያደርሳል። የታመመው ልጅ ከሆነና ፓኬቱ ከተገኘ፣ ማንኪያ አታንሱ። ፓኬት ጠፍቶ ቤት መበጥበጥ ግድ ከሆነ ደግሞ ላዩን ጠርጋችሁ ስፈሩ፤ ሳትሰጡም ቅመሱት። ከእንባ የበለጠ ጨው ጨው ካለ ድፉትና እንደገና ጀምሩ።

ፓኬቱም ቢሆን ስህተት አያጣውም። አንዳንዱ ለአንድ ሊትር ነው፣ አንዳንዱ ለግማሽ፣ አንዳንዱ ለ200 ሚሊ ሊትር። የአንድ ሊትሩን ፓኬት ብርጭቆ ውስጥ ገልብጦ የሚሰጥ ሰው አይቻለሁ። ይህ ከክምር ማንኪያም ይብሳል። መጀመሪያ ፓኬቱ ላይ የተጻፈውን የውሃ መጠን አንብቡ፣ ከዚያ ቅደዱት። "ልጁ ጣዕሙን ጠላው" ብሎ ስኳር መጨመርም አይቻልም፤ ሚዛኑ ይፈርሳል።

ባለቀለሙ ጠርሙስ

ስፖርት መጠጥን ሙልጭ አድርጌ ላማው አልፈልግም። ለተሠራለት ነገር ጥሩ ነው። የዚህ ሁሉ አባት የሆነው ጌቶሬድ እ.ኤ.አ. በ1965 ፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው የተወለደው። ዶክተር ሮበርት ኬድና ባልደረቦቻቸው ሙቀት ውስጥ ለሚጫወቱ የአሜሪካ እግር ኳስ ተጫዋቾች ብለው ሠሩት። እዚያ ውስጥ ያለው ስኳር ለጡንቻ ነዳጅ ነው። ከአንድ ሰዓት በላይ ጠንክሮ ለሚሮጥ ወይም ብስክሌት ለሚጋልብ ሰው ያግዛል።

ችግሩ ሕመም ላይ ሲሰጥ ነው። በአንድ ሊትር 60 ግራም ገደማ ስኳር፣ 450 ሚሊግራም ገደማ ሶዲየም። ከኦአርኤስ ጋር ስታስተያዩት ስኳሩ ከአራት እጥፍ በላይ፣ ሶዲየሙ ሩብ ነው። ስኳር የበዛበት ፈሳሽ ውሃን ከሰውነት ወደ አንጀት ይስባል፤ ተቅማጡ ይብሳል። ለስላሳ መጠጥ ከዚህም የከፋ ነው፤ ስኳሩ በሊትር ከ100 ግራም ያልፋል፣ ሶዲየሙ ከቁጥር አይገባም። "ጋዙ ይወጣለትና ይጠጣ" የሚለው የድሮ ምክር ጋዙን ነው የሚያወጣው፣ ስኳሩ የትም አልሄደም።

ለላብ እኔ የምሠራው ይህ ነው። ሦስት ሩብ ሊትር ውሃ፣ ሩብ ሊትር የብርቱካን ጭማቂ፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር። ሶዲየሙ 600 ሚሊግራም ገደማ ይመጣል፣ ፖታሲየሙ ከጭማቂው 500 ገደማ፣ ስኳሩ በድምሩ 30 ግራም ገደማ። ከጠርሙሱ ይልቅ ጨው ጨምሮ ስኳር በግማሽ ቀነሰ ማለት ነው። ሩጫው ሁለት ሰዓት የሚያልፍ ከሆነ ስኳሩን ወደ ስምንት ማንኪያ አወጣዋለሁ፤ ያኔ ነዳጁ ያስፈልጋል። ለላብ የሚሆን ብጥብጥ እንደ ኦአርኤስ በትክክል መለካት አይጠይቅም፤ ትንሽ ቢዛነፍ ጤነኛ ትልቅ ሰውን አይጎዳም። ቤት መበጥበጥ የሚያዋጣውም ለዚህ ነው።

የሰው ላብ እኩል አይደለም። በአንድ ሊትር ላብ አንዱ 500 ሚሊግራም ሶዲየም ያጣል፣ ሌላው ከ1,500 በላይ። ሲደርቅ ልብሳችሁ ላይ ነጭ መስመር የሚቀር ከሆነ ከሁለተኞቹ ናችሁ፤ ጨዉን ትንሽ ከፍ አድርጉት።

አብዝቶ መጠጣትም ችግር አለው። እ.ኤ.አ. በ2002 የቦስተን ማራቶን ላይ 488 ሯጮች ተመርምረው 13 በመቶው የደማቸው ሶዲየም ከሚገባው በታች ወርዶ ተገኝቷል። አደጋው የጎላው ብዙ ጠጥተው ከመነሻው ይልቅ መጨረሻው ላይ ክብደት የጨመሩት ላይ ነበር። ስፖርት መጠጥም ከዚህ አያድንም፤ ሶዲየሙ ከደማችን በብዙ ያነሰ ነው። ሲጠማችሁ ጠጡ።

ኮኮናት፣ ማር፣ ሮዝ ጨው

የኮኮናት ውሃ "የተፈጥሮ ስፖርት መጠጥ" እየተባለ ይሸጣል። ፖታሲየሙ በእርግጥ ብዙ ነው፤ በሊትር 2,000 ሚሊግራም ይደርሳል። ግን ላብ በሊትር የሚወስደው ፖታሲየም 300 እንኳ አይሞላም። የሚጎድላችሁ ሶዲየም ነው፣ እሱ ደግሞ በብዙዎቹ የታሸጉ ላይ ትንሽ ነው። ከወደዳችሁት ቆንጠር አድርጋችሁ ጨው ጣሉበትና ጠጡ፤ ለጣዕሙ እኔም እገዛዋለሁ።

ሮዝ ጨው ላይ ገንዘብ አታባክኑ። 98 በመቶው ያው ሶዲየም ክሎራይድ ነው፤ የቀሩት ማዕድናት መጠጣችሁ ውስጥ ለውጥ የሚያመጡ አይደሉም። ማር ስኳር ነው፣ ጥሩ ስኳር፤ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ቦቱሊዝም በሚባል አደገኛ መመረዝ ምክንያት በምንም መልኩ አይሰጥም። ሎሚ ጣዕሙን ያስተካክላል፣ ከዚያ የዘለለ ብዙ አትጠብቁበት። ወተትን ግን የሚያስታውሰው የለም። ጤነኛ ሰዎች ላይ እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣ ጥናት ወተት ከንጹህ ውሃ ይልቅ ሰውነት ውስጥ ሲቆይ ታይቷል፤ ሶዲየም፣ ፖታሲየምና ስኳር በተፈጥሮው አለው። ከስፖርት በኋላ ሆዳችሁ ከተቀበለው አሪፍ ነው። ሩጫ ላይ ግን አልሞክረውም።

የሚሟሟው እንክብልና ዱቄቱ

ቦርሳ ውስጥ ይገባሉ፣ ማንኪያ አይፈልጉም፣ ውሃ ባለበት ሁሉ ይሠራሉ። ለመንገደኛና ለብስክሌተኛ ከዚህ የሚመች የለም። እንክብሎቹ ብዙውን ጊዜ ስኳር የላቸውም ማለት ይቻላል፤ ክብደት ለሚጠብቅ ሰው ጥሩ፣ ለተቅማጥ ግን አይሆኑም፤ ያ በር ግሉኮስ ይፈልጋል።

እዚህ ላይ ጽሑፉን ማንበብ የግድ ነው፤ ልዩነቱ ሰፊ ነውና። አንዳንዱ ዱቄት በአንድ ፓኬት ብቻ 1,000 ሚሊግራም ሶዲየም ይይዛል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን የሚመክረው ከ2,000 በታች ነው። ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ "ለጤናዬ" ብሎ ሁለት ፓኬት የሚጠጣ ሰው፣ ምሳውን ሳይበላ የቀኑን ጨው ጨርሷል። ደም ግፊት ካለበትማ በገዛ ገንዘቡ ግፊቱን እየመገበ ነው።

ኢንተርኔት ላይ "ለፖታሲየሙ የጨው ምትክ ጨምሩበት" የሚል አዘገጃጀትም አይጠፋም። የጨው ምትክ የሚባሉት አብዛኞቹ ፖታሲየም ክሎራይድ አለባቸው። ኩላሊቱ የደከመ ወይም አንዳንድ የደም ግፊት መድኃኒቶችን የሚወስድ ሰው ላይ ፖታሲየም ተጠራቅሞ የልብ ምትን ያዛባል። የኩላሊት፣ የልብ ወይም የግፊት ችግር ያለበት ሰው ከነዚህ ሁሉ አንዱንም ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ። ተቅማጡ ደም ካለበት፣ የጠጡት ሁሉ የሚመለስ ከሆነ፣ ወይም ሽንት ከጠፋ ደግሞ የመጠጥ ምርጫው አብቅቷል፤ ወደ ሕክምና ነው።

እኔ አሁን መሳቢያዬ ውስጥ ሁለት የኦአርኤስ ፓኬት ሁሌም አለ፤ ጊዜው ሲያልፍ እቀይረዋለሁ። ለሩጫው ራሴ እበጠብጣለሁ። ብጥብጥ ቤትም ይሠራ ከፓኬት ይምጣ ከ24 ሰዓት በላይ አይቆይም፤ የተረፈው ይደፋል። ጠርሙሱ ላይ የበጠበጥኩበትን ሰዓት በማርከር እጽፋለሁ፤ ካልጻፍኩት ፍሪጅ ውስጥ ሁለት ቀን አድሮ ነው የማገኘው።