ዘይት ከመሸጡ በፊት ስለ ሞተሬ የጠየቁኝ የመገላው ሱቅ

ድሬዳዋ፣ መገላ ውስጥ፣ ከቀፊራ ገበያ ብዙም ሳይርቅ፣ ሁለት ደንበኛ ጎን ለጎን የማያስቆም ጠባብ የሞተር መለዋወጫ ሱቅ አለ። ታፔላ የለውም፤ ምልክቱ በሩ ላይ የተንጠለጠለው ካላማዳሪና ሰንሰለት ነው። ላለፈው አንድ ዓመት የሞተሬን ዘይት የምገዛው ከዚህ ሱቅ ነው። ስለ ሱቁም ስለሞከርኳቸው ዘይቶችም ልጻፍ ብዬ የተነሳሁት፣ ድሬ ላይ ይህን ያህል ሞተርና ባጃጅ እየተርመሰመሰ ስለ ዘይት ሲጠየቅ የምሰማው «ስንት ነው?» ብቻ ስለሆነ ነው።

የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ። የምነዳው ቦክሰር 150 ነው። ሥራዬ ገጠር ቀበሌዎች ላይ ነው፤ ቢዮአዋሌ፣ ዋሂል፣ አንዳንዴም ጀልዴሳ። መንገዱ አቧራ፣ ወንዙ ደረቅ አሸዋ ነው። ከኋላዬ የክትባት ሳጥን ይታሰራል። ሞተሬ መንገድ ላይ ከቆመ የሚበላሸው የእኔ ቀን ብቻ አይደለም፤ በረዶው ይቀልጣል፣ ክትባቱ ከጥቅም ውጭ ይሆናል፣ ፍየሎቹን ይዞ ከንጋት ጀምሮ ሲጠብቅ የዋለው ሰው ሳያስከትብ ይመለሳል። ለአንድ ሊትር ዘይት ይህን ያህል የምጨነቀው ለዚህ ነው።

ባለፈው ዓመት ግንቦት ላይ ዘይት መቀየሪያዬ ደርሶ ከተማ ውስጥ አንድ ጋራዥ ገባሁ። «ለአዳዲስ መኪና የመጣ ነው፣ ከዚህ የተሻለ ዘይት የለም» ብለው 5ደብሊው30 የሚል ሞሉልኝ። ዋጋውም ከሞተር ሳይክል ዘይት ከፍ ያለ ስለነበር ለሞተሬ መልካም ያደረግኩለት መሰለኝ። ሁለት ቀን ከተማ ውስጥ ስዞር ምንም አልተሰማኝም። በሦስተኛው ቀን ሐረማያ ላለ ባልደረባዬ ክትባት ላደርስ ደንገጎን መውጣት ጀመርኩ። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደንገጎ አናቱ ላይ ስትደርሱ ወደ 2,000 ሜትር ግድም ወጥታችኋል፤ መንገዱ ጥምዝ በጥምዝ ነው።

ግማሽ ላይ ስደርስ፣ ጋዝ ስሰጠው ሞተሩ ይጮኻል፣ ፍጥነቱ ግን እዚያው ነው። ከሦስተኛ ማርሽ ወደ ሁለተኛ አወረድኩት፤ ትንሽ ሄዶ ያው ሆነ። የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። ጥግ ይዤ አቆምኩት። አይሱዙዎቹ ጥሩንባ እየነፉ ያልፉኛል፤ እኔ የሳጥኑን ክዳን መክፈት ስለማይገባኝ ቅዝቃዜው እንዳለ ከውጭ በእጄ እዳስሳለሁ። እያሳረፍኩት፣ በአንደኛ ማርሽ እየጎተትኩ ወጣሁ። ክትባቱ ተረፈ። ማታ ድሬ ስመለስ መካኒኩ «የፍሪሲዮን ዲስኩ አልቋል፣ ገዝተህ ና» አለኝ።

መገላ የገባሁት እንግዲህ ዲስክ ፍለጋ ነው። ባለሱቁ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። (ድሬ አንቱታን ብዙም አታውቅም፤ እኔ ደሴ ስላደግሁ ዘጠኝ ዓመት ኖሬም አፌ አልለመደውም። አንቱ ባልኳቸው ቁጥር ይስቃሉ።) ዲስክ ስጠይቃቸው እጃቸውን ወደ መደርደሪያው አልሰደዱም።

«ምን ዘይት ነው ያለው?»

«ጥሩ ዘይት ነው፣ የመኪና።»

«ጠርሙሱ አለህ?»

ትራፊው ከእኔ ጋር ስለነበር አውጥቼ ሰጠኋቸው። ጀርባውን ገልብጠው አንዲት ክብ ምልክት ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። «አቦ፣ ዲስክህን ተወው። መጀመሪያ ይህን አውጣው። ዘይቱን ቀይረህ ካልዳነ ያኔ ና፣ ዲስኩን እሸጥልሃለሁ።»

ዲስኩ መደርደሪያው ላይ ነበር። እኔም ብሩን በእጄ ይዤ ነበር። አልሸጡልኝም። ያን ቀን አንድ ሊትር ዘይት፣ ከ300 ኪሎ ሜትር በኋላ ደግሞ ሌላ አንድ ሊትር ሸጡልኝ፤ የመጀመሪያው የቀረውን የመኪና ዘይት አጥቦ እንዲያወጣው ነው። ፍሪሲዮኑ ያዘ። ይህን የምጽፈው በዚያው በአሮጌው ዲስክ እየነዳሁ ነው።

ያቺ ክብ ምልክት ኤ ፒ አይ የሚባለው የአሜሪካ ፔትሮሊየም ተቋም ምልክት ናት። ከላይኛው ግማሿ ላይ የዘይቱ ደረጃ ይጻፋል፤ በኤስ የሚጀምረው ለቤንዚን ሞተር፣ በሲ የሚጀምረው ለናፍጣ ነው። ከኤስ ቀጥሎ ያለው ፊደል ወደ ፊት በሄደ ቁጥር ደረጃው አዲስ ነው፤ ኤስ ኤል እ.ኤ.አ. የ2001፣ ኤስ ኤን የ2010፣ ኤስ ፒ የ2020 ነው። መሃሏ ላይ የውፍረት ቁጥሩ አለ። ታችኛው ግማሿ ባዶ ሊሆን ይችላል። የእኔ ጠርሙስ ላይ ግን «ሪሶርስ ኮንሰርቪንግ» ይላል፤ ነዳጅ ቆጣቢ እንደማለት ነው። እንዲህ ያለው ዘይት ነዳጅ የሚቆጥበው በቅጥነቱና ሰበቃን በሚቀንስ ቅመም ነው። ለመኪና ደግ ነገር ነው። መኪና ሞተሩ የራሱ ዘይት፣ ካምቢዮው የራሱ ዘይት አለው። የእኛ ሞተር ላይ ግን ያችው አንዲት ሊትር ፒስተኑንም፣ የማርሽ ጥርሶቹንም፣ ፍሪሲዮኑንም ታገለግላለች። የፍሪሲዮኑ ዲስኮች ዘይቱ ውስጥ ተነክረው ነው የሚሠሩት፤ እርስ በርስ ተጣብቀው ጉልበት ማስተላለፍ ያለባቸውም እዚያው ውስጥ ሆነው ነው። ዘይቱ ከመጠን በላይ ካንሸራተታቸው እንደ እኔ ደንገጎ ላይ መቆም ይመጣል። ሜዳ ላይ አይታወቅም፤ ዳገትና ጭነት ሲገናኙ ነው የሚወጣው።

ጃፓኖች ይህን ችግር ቀድመው አይተው እ.ኤ.አ. በ1998 ጃሶ የሚባል የፎር ስትሮክ ሞተር ሳይክል ዘይት መለኪያ አወጡ። ጠርሙሱ ጀርባ ላይ ብዙ ጊዜ በትንሽ አራት ማዕዘን ውስጥ ይቀመጣል። ኤም ኤ ካለ ዘይት ውስጥ ለሚሠራ ፍሪሲዮን የተፈተነ ነው፤ ኤም ኤ 2 ካለ ከኤም ኤ ውስጥ ይበልጥ የሚይዘው ነው። ኤም ቢ ካለ ግን ለኦቶማቲክ ስኩተር ነው፤ ማርሽ ያለው ሞተር ላይ አታድርጉት። ባለ ሦስት እግሩን ፎር ስትሮክ ባጃጅ የምትነዱ ወንድሞቼም ፍሪሲዮናችሁ እንደ እኛው ዘይት ውስጥ ነውና ነገሩ እናንተንም ይመለከታል። ባለሱቁ ይህን ሁሉ የነገሩኝ በአንድ ቀን አይደለም፤ ዘይት ልገዛ በሄድኩ ቁጥር ጥቂት ጥቂት ነው። የቀረውን እኔ አንብቤ አሟላሁት።

አሁን ወደ ቁጥሮቹ። አጥሚት አስቡ፤ ትኩሱ ይፈሳል፣ ሲቀዘቅዝ ይወፍራል። ዘይትም እንደዚያ ነው። ቁጥሩን የሚደነግገው ኤስ ኤ ኢ የተባለው የአውቶሞቲቭ መሐንዲሶች ማኅበር ሲሆን፣ ሁለት ቁጥር የሚጽፉት ዘይቱ በብርድም በሙቀትም ስለሚለካ ነው። ደብሊው ዊንተር ለማለት ነው፤ ከፊቱ ያለው ቁጥር የብርድ ነው። 20ደብሊው ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ላይ ይፈተናል፣ 10ደብሊው ከዜሮ በታች 25፣ 5ደብሊው ከዜሮ በታች 30 ላይ። ሐረማያ በታኅሣሥ ሌሊት ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል፤ ቢሆንም ከዜሮ በታች 15 አያውቅም። ድሬማ በየትኛው ወር! ስለዚህ «5ደብሊው ነው» ብሎ ዋጋ የሚጨምርባችሁ ሻጭ የሚሸጥላችሁ እዚህ የሌለ ብርድ መከላከያ ነው።

እኛን የሚመለከተን ሁለተኛው ቁጥር ነው። እሱ የሚለካው በ100 ዲግሪ ሙቀት ነው። 30 የተባለው በዚያ ሙቀት ውፍረቱ ከ9.3 እስከ 12.5 ሴንቲስቶክ (የውፍረት መለኪያ ነው)፣ 40 ከ12.5 እስከ 16.3፣ 50 ከ16.3 እስከ 21.9 ነው። ቦክሰር ውሃ የለውም፤ የሚያቀዘቅዘው የሚነፍስበት አየር ነው። በግንቦት የድሬ አየር ራሱ ትኩስ ነው፤ ዳገት ላይ ደግሞ ቀስ ብላችሁ ስለምትሄዱ ነፋሱም ይቀንሳል። ያኔ ብረት ከብረት እንዳይገናኝ መሃል የሚቆመው የዘይቱ ውፍረት ነው። የሞተሬ መመሪያ 20ደብሊው50 ይላል፤ መመሪያውን አምስት ዓመት ኮርቻ ስር አስቀምጬው አለማንበቤ አሁን ድረስ ይቆጨኛል።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓይነት ሞክሬአለሁ። የምርት ስም የማልጠራው የመደርደሪያው ዕቃ ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ ነው፤ በአንድ ዓመት ሦስት የተለያየ ስም ገዝቻለሁ፣ ጀርባው ላይ የተጻፈው አንድ እስከሆነ ድረስ ልዩነቱ አልታወቀኝም።

አንደኛው ተራው ሚኒራል ነው፣ ከድፍድፍ ነዳጅ የሚጣራው፤ 20ደብሊው50፣ ኤስ ኤል፣ ጃሶ ኤም ኤ። የጸናሁት በዚህ ነው። ጠዋት ስነሳ ለአንድ ሁለት ደቂቃ ማርሹ ትንሽ ይከብዳል፤ ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ደህና ነው። ደንገጎን ከጭነት ጋር በሦስተኛ ማርሽ ይወጣል። ወደ 1,800 ኪሎ ሜትር ሲጠጋ ማርሹ መንገጭገጭ ይጀምራል፣ ኒውትራል ማግኘትም ያስቸግራል። ምክንያቱ የማርሽ ጥርሶቹ ናቸው፤ ዘይቱን በሙቀት እንዳይቀጥን የሚይዙትን ረጃጅም ቅመሞች እየቆራረጡ 50 የነበረውን ያቀጥኑታል። እኔ በ2,000 እቀይረዋለሁ። አስፋልት ብቻ የሚነዳ ሰው እንደ መመሪያው ይሂድ፤ የእኔ መንገድ አሸዋ ነው።

ሁለተኛው ሙሉ ሲንተቲክ፣ ማለትም ፋብሪካ ውስጥ ተቀናብሮ የሚሠራው፣ 10ደብሊው40፣ ጃሶ ኤም ኤ 2 ነበር። ዋጋው ከእጥፍ በላይ ነው። እውነቱን ለመናገር ደስ ይላል፤ ማርሹ ጠዋትም ቀላል ነው፣ ከ2,000 በኋላም አልተንገጫገጨም። ነገር ግን የእኔ ሞተር ብዙ የሠራ ነው፤ በየሳምንቱ ስለካው የዘይቱ መጠን ከሚኒራሉ ፈጥኖ ወርዶ አገኘው ነበር፣ በአንድ ጓርኒሲዮን በኩልም ማላብ ጀመረ። ለዚህ ሞተር፣ በዚህ አቧራ፣ እጥፍ ከፍሎ በሲንተቲክ ከመቆየት ሚኒራሉን ቶሎ ቶሎ መቀየር ይሻላል ባይ ነኝ። አዲስ ሞተር ያለውና መመሪያው 10ደብሊው40 የሚለው ሰው ግን ዋጋውን አይፍራ።

መሥሪያ ቤት ኤጂ 100 ያማሃ ይዛችሁ ከሆነ ይህ ሁሉ ለሌላ ሞተር ነው። እሱ ቱ ስትሮክ ነው፤ ለብቻው የዘይት ቋት አለው፣ ዘይቱም ከቤንዚኑ ጋር አብሮ ይቃጠላል፤ ለቱ ስትሮክ ተብሎ የተሠራውን ግዙ። ባለፈው ጥር አንድ ልጅ ለኤጂ ቋት የእኔን ዓይነት ዘይት ሊገዛ መጥቶ ባለሱቁ ሲመልሱት በዓይኔ አይቻለሁ።

ሱቁ የሚመሰገንበት ሌላም አለ። ጠርሙሱን የሚከፍቱት እኔው ፊት ነው፤ የክዳኑ ቀለበት ሲሰበር፣ ከስሩ ያለው ሽፋን ሲቀደድ ታያላችሁ። ተቀድቶ ሲያልቅ ባዶውን ጠርሙስ ሆዱን በቢላ ይሰነጥቁታል፤ ሌላ ሰው ወስዶ የማይታወቅ ዘይት ሞልቶ እንዳይሸጥበት ነው። ሌላ ቦታ የምትቀይሩ ከሆነ ጠርሙሳችሁን ራሳችሁ ሰንጥቁት። የተቃጠለውን ዘይት በርሜል ውስጥ ያጠራቅሙታል፤ ለአጥር እንጨት ከምስጥ መከላከያ የሚፈልጉ ሰዎች ይወስዱታል። ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ከሚፈስ በብዙ ይሻላል።

የማልወድላቸውን ደግሞ ልናገር። ከቀኑ ሰባት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት ሱቁ ዝግ ነው። ሙቀቱን ሸሽቶ ማረፍ የድሬ ወግ ነው፣ አልቃወምም፤ ግን ከገጠር የምመለሰው ልክ በዚያ ሰዓት ነው፣ ሁለቴ ፀሐይ ላይ ቆሜ ጠብቄአለሁ። ደረሰኝ አይሰጡም፤ መሥሪያ ቤቴ ያለ ደረሰኝ ስለማይከፍል ዘይቱ ከኪሴ ነው። ከሁሉ ያናደደኝ ግን ዘይት የሚቀይረው ልጅ ነው። ባለሱቁ በሌሉበት ቀን የማፍሰሻውን ቡሎን በረጅም ቺያቤ፣ በሙሉ ጉልበቱ አጠበቀው። ቡሎኑ የሚገባበት የሞተሩ ሽፋን አሉሚኒየም ነው፤ ጥርሱ ከተበላ ሙሉ ሽፋን መቀየር ይመጣል። በሚቀጥለው ጊዜ ሲፈታ ስንጥር ይዞ ወጣ። ለባለሱቁ አሳየኋቸው፤ ልጁን ጠርተው በአጭር ቺያቤ፣ በእጅ አንጓ ብቻ እንዴት እንደሚጠብቅ አሳዩት፤ የዚያን ቀን ሒሳብም አልተቀበሉኝም። ጥርሱ እስካሁን ይዟል፤ ማፍሰሻውን ግን ከዚያ ወዲህ ራሴ ነኝ የማጠብቀው።

ባለፈው ሳምንት ስሄድ የመዳብ ሮንዴላ አልቆባቸው ነበር፤ አሮጌውን ገልብጬ ነው ያሰርኩት፣ ትንሽ ያነጥባል። በዚህ ሰሞን የምትሄዱ ሮንዴላችሁን ከሌላ ሱቅ ገዝታችሁ ሂዱ፣ ከሰባት ሰዓት በፊት ድረሱ።