የማይሰበረው የልጆች መስታወት፦ ዕቃው ደህና ነው፣ ካርቶኑ ግን ይዋሻል

ልጄ አስር ወር ሲሞላት መርካቶ ወርጄ በ1,900 ብር የገዛሁት ነው። መስታወት እንበለው እንጂ የሚያብረቀርቅ ፕላስቲክ ነው፤ ቁመቱ 60 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ዙሪያው እንጨት። አሁን ሁለት ዓመቷ ሊሆን ነው፣ ስለዚህ በደንብ ፈትሼው ነው የምጽፈው።

«አይሰበርም» ያሉት እውነት ነው። በጭልፋ ስትደበድበው ከርማ ስንጥቅ የለውም። ግን ይጫጫራል፣ መሃሉም ጎበጥ ስላለ ሰው ያወፍራል (ወይ እኔው ወፍሬ ይሆናል)። አብሮት የሚመጣው ፕላስተር ደግሞ ቀልድ ነው። በመጀመሪያው ቀን ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ዷ ብሎ ወድቆ ቤቱን በሙሉ ቀሰቀሰው። ከገዛችሁ ፕላስተሩን ጣሉትና በፊሸርና በብሎን አሳስሩት።

ዋናው ጸቤ ግን ከካርቶኑ ጋር ነው። ከሦስት ወር ጀምሮ ልጅ ራሱን እንዲያውቅ ያስተምራል ይላል። የትኛው የሦስት ወር ልጅ!

በ1972 እ.ኤ.አ. ቢዩላ አምስተርዳም የምትባል ተመራማሪ የሕፃናት አፍንጫ ላይ ቀይ ቀለም ነካ አድርጋ መስታወት አሳየቻቸው። እጁን ወደ ገዛ አፍንጫው የሰደደ ልጅ ያ የሚታየው እሱ እንደሆነ ገብቶታል ማለት ነው። ትንንሾቹ መስታወት ውስጥ ያለውን ልጅ እንደ ጓደኛ ነው ያዩት። ራሳቸውን የለዩት ከ20 እስከ 24 ወር የሆናቸው ናቸው፣ እነሱም 65 በመቶው።

እኔም ቤት ውስጥ በሊፕስቲክ ሞከርኩት። በዓመቷ «ያቺን ልጅ» ታጎርሳት ነበር፤ ሽሮ የነካ እንጀራ መስታወቱ ላይ ትለጥፍና አልበላ ስትላት ታኮርፋለች። (ለማጽዳት ቀላል ነው፣ እርጥብ ጨርቅ ይበቃዋል።) በ15 ወሯ አፍንጫዋን የምጠርግ መስዬ ቀለም ቀባኋት፤ መስታወቱን ነካ ነካ አድርጋ ሄደች። በ20 ወሯ ግን ቀጥ ብላ ቆመች። ዝም። ከዚያ ጣቷን ቀስ ብላ ወደ አፍንጫዋ ወሰደች፣ የቀላውን ጣቷን አየችው፣ ሮጣ ሄዳ አያቷ ነጠላ ውስጥ ፊቷን ቀበረች። እማዬ «ውይ፣ አፈረች!» ብላ ሳቀች። ማፈር የሚመጣው እኮ በዚሁ ዕድሜ ነው፤ ሰው እንደሚያየው ያልገባው ልጅ ምን ያሳፍረዋል?

በዚያው ሰሞን ጉርሻዋም ተለወጠ። ድሮ ራሷ የምትወደውን ብስኩት ነበር አፌ ውስጥ የምትወትፈው። አሁን እሷ ዞር ብላ የማታየውን ቃሪያ ከሳህኑ ለይታ ለኔ ታመጣለች። ቤቲ ሬፓኮሊና አሊሰን ጎፕኒክ የሚባሉ ተመራማሪዎች በ1997 እ.ኤ.አ. ያሳዩት ይህንኑ ነው፤ አንዷ ሴት ብሮኮሊ ስትበላ ደስ እያላት፣ ብስኩቱን ደግሞ እየተጸየፈች ካሳየቻቸው በኋላ «ስጡኝ» ስትል የ14 ወር ልጆች ብስኩት ሰጧት፣ የ18 ወር ልጆች ግን ብሮኮሊውን። ለዚህ መስታወቱን አላመሰግንም፣ መሶቡን ነው።

ልጃችሁ ቀለሙን ባይነካም አትደንግጡ። በ2011 እ.ኤ.አ. በወጣ አንድ ጥናት ኬንያ ውስጥ ሁለት ዓመት ያለፋቸው ብዙ ልጆች መስታወት ፊት ደርቀው ቆመው ቀሩ እንጂ ቀለሙን አልነኩም፣ ተመራማሪዎቹም ራሳቸውን አያውቁም አላሉም። መስታወትም ፈተናም መልመድ ይጠይቃል።

ከአምስት ሦስት ኮከብ። መጫወቻ ነው፣ ልጄ በየቀኑ ትስቅበታለች፣ ዋጋው ግን በዝቷል። ግድግዳ የሚበሳላችሁ ሰው ከሌለ ተዉት፤ ልጅቷን አቅፋችሁ ከቆማችሁ የቁም ሳጥኑ መስታወትም ያንኑ ቀይ አፍንጫ ያሳያል።