ሞዘር፣ እንፊልድ፣ ካርካኖ፣ ሌበል፦ አሮጌ ጠመንጃ በእጅ ሲያዝ

ሐረርና ድሬዳዋ ላይ ብዙ ሰው ለአሮጌ ጠመንጃ ሁሉ አንድ ስም አለው፦ ምንሽር። ስሙ ከኦስትሪያው ማንሊኸር የመጣ ነው፤ በሰው አፍ ግን የጣሊያኑም፣ የቤልጅጉም፣ የእንግሊዙም መጠሪያ ሆኗል። ለጨዋታ ምንም አይደለም። ጥይት ሲመረጥና ማገጃ (ጠመንጃው ሳይታሰብ እንዳይተኩስ የሚቆልፈው ክፍል) ሲታመን ግን መቀላቀሉ ጣት ያስቆርጣል፣ ዓይን ያጠፋል። የ19ኛው ክፍለ ዘመን የመሣሪያ ንግድ ከባሕር ዳር ወደ መሀል አገር ሲወጣ ሐረር ዋና መተላለፊያ ነበረችና፣ በአንድ ቤተሰብ እጅ እንኳ የሦስት አገር ጠመንጃ ቢገኝ አይገርምም። ሁሉም መዝጊያቸው በእጅ ተከፍቶ በእጅ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ያላቸው ልዩነት ግን ሰፊ ነው።

ከማወዳደሩ በፊት አንድ ነገር። ጠመንጃው በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ አደኑም የራሱን ፈቃድ ይጠይቃል። ከዚህ በታች ያለው ይህ ለተሟላለት ሰው ነው።

ከሁሉ በላይ የምናስቀምጠው ሞዘር 98ን ነው። የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ያስመጣውና የይሁዳ አንበሳ የተቀረጸበት የቤልጅጉ ኤፍ ኤን ሥራም የዚሁ ቤተሰብ ነው። ጥይቱ 7.92 በ57 ነው፣ ካዝናው 5 ይጎርሳል። መዝጊያው ፊት ለፊት የሚቆለፍባቸው ሁለት ጥርስ፣ ከኋላ ደግሞ ሦስተኛ መጠባበቂያ ጥርስ አለው። ካፕሱል (ባሩዱን የሚለኩሰው የጥይቱ ግርጌ) ቢፈነዳ ወይም ቀለህ ቢቀደድ፣ በመዝጊያው ላይ ያሉት ሁለት ቀዳዳዎች ጋዙን ወደ ግራ ያስወጡታል፤ ከኋላ ያለው ሰፊ ከንፈርም የተረፈውን ከተኳሹ ፊት ይመልሰዋል። ከሌሎቹ አሮጌዎች መካከል ይህን ያህል ለተኳሹ ዓይን የታሰበለት የለም።

የሞዘር ማገጃ ከመዝጊያው ጀርባ የቆመች ክንፍ ናት፣ ሦስት ቦታ አላት። ወደ ግራ ስትተኛ ይተኩሳል። ወደ ቀኝ ስትተኛ ካፕሱሉን የሚመታው መርፌም መዝጊያውም ይቆለፋሉ። ቀጥ ብላ መሀል ላይ ስትቆም መርፌው እንደታሰረ ነው፣ መዝጊያው ግን ይከፈታል። ይቺ መካከለኛ ቦታ ናት ሞዘርን ከሌሎቹ የምትለየው፤ ጥይት አንድ በአንድ እያወጡ ጠመንጃውን ባዶ ሲያደርጉ መርፌው ነፃ የሚሆንበት ቅጽበት የለም። በዚያ ላይ ክንፏ መሀል ስትሆን ዒላማ ማያውን ትጋርዳለች፣ ስለዚህ ረስቶ ማነጣጠር አይቻልም። ጉድለቷም ከዚሁ ይመጣል፦ የማነጣጠሪያ መነጽር ዝቅ ተደርጎ ከተገጠመ ክንፏ መዞሪያ ታጣለች። መነጽር የሚገጥም ሰው በጎን የምትንቀሳቀስ አጭር ማገጃ ማስቀየር አለበት፤ ክንፏን ቆርጦ ማሳጠር መፍትሔ አይደለም።

ሞዘር ላይ በተደጋጋሚ የሚበላሸው ቀለህ የሚጎትተው ረጅም ጥፍር ነው። ይህ ጥፍር ጥይቱ ከካዝናው ሲነሳ ከሥር ተቀብሎ እንዲይዘው ተሠርቷል። አንድ ጥይት በእጅ በርሜል ውስጥ ጥሎ መዝጊያውን በኃይል መግፋት ጥፍሩን ይሰነጥቃል ወይም ጫፉን ይሸርፋል። አንድ ጥይት ብቻ ቢሆንም በካዝናው በኩል ይለፍ።

የእንግሊዙ ሊ እንፊልድ ለእጅ ከሞዘር ይፈጥናል። እጀታው ሲነሳ 60 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው የሚዞረው፣ የሞዘር 90 ነው። ካዝናው 10 ጥይት ይይዛል። ማገጃው በግራ በኩል፣ በአውራ ጣት የሚደረስበት ነው፤ ወደ ኋላ ሲሳብ ይቆልፋል፣ ወደ ፊት ሲገፋ ይፈታል። መርፌው የሚወጠረው መዝጊያው ሲዘጋ ስለሆነ የመጨረሻዋ ግፊት ከበድ ትላለች፤ ልምድ የሌለው ሰው መዝጊያው የተነከሰ መስሎት ይታገላል።

ሁለት ነገር ይታወቅለት። የመጀመሪያው፣ የእንፊልዱ .303 ጥይት ከንፈር (ከግርጌው ወጣ ያለ ጠርዝ) ያለው ነው። ካዝና ሲሞላ የላይኛው ጥይት ከንፈር ከታችኛው ፊት ካልተቀመጠ ይያያዙና መዝጊያው ይቆማል፤ ያኔ ብዙ ሰው መሰደብ ያለበትን እጁን ትቶ ጠመንጃውን ይሰድባል። ሁለተኛው፣ የመዝጊያው ጥርሶች ከኋላ ናቸው፤ መዝጊያው ከሌላ ጠመንጃ ከመጣ በጥይቱና በመዝጊያው መካከል ያለው ክፍተት ሊሰፋ ይችላል። በመዝጊያው እጀታና በጠመንጃው አካል ላይ ያለው ቁጥር አንድ መሆኑን ማየት ግድ ነው። በአራተኛው ሞዴል የመዝጊያው ራስ ከ0 እስከ 3 ቁጥር ያለው የሚቀየር ክፍል ስለሆነ፣ የሰፋውን በልኩ መመለስ ይቻላል። ለዚህ ግን መለኪያ ያለው ባለሙያ ያስፈልጋል።

ካርካኖ ያለ አግባብ ስሙ ጠፍቷል። 6.5 ሚሊ ሜትር ጥይቱ ትከሻ አይመታም፣ የፈረሰኛው አጭር ካራቢን 92 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ በቁጥቋጦ ውስጥ አያስቸግርም። 6 ጥይት ከነማቀፊያው ቆርቆሮ ይገባል፤ የመጨረሻው ሲጎርስ ቆርቆሮው በሥሩ ባለው ቀዳዳ ይወድቃል። ቆርቆሮው ከጠፋ ግን ጠመንጃው ባለ አንድ ጥይት ሆነ ማለት ነው። ያቺ ቀዳዳ በድሬዳዋ አቧራ ላይ ክፍት በር ናት፤ ዘይት የበዛበት ካዝና ከአሸዋው ጋር ተቦክቶ ጥይት ማንሻውን ይይዘዋል። ማገጃውን በተመለከተ ግን የሚያማው ሰው ትክክል ነው፦ ጀርባ ላይ ያለችውን ምላስ ወደ ፊት ገፍቶ ማዞር ይጠይቃል፣ በላበ እጅ ትንሸራተታለች። አደን ላይ ማንም በፍጥነት አይጠቀምባትም፤ ስለዚህ ካርካኖ የያዘ ሰው በርሜሉን ባዶ አድርጎ ይሂድ።

የፈረንሳዩ ሌበልና ውጅግራ የምንለው የ1874ቱ ግራ (የጠመንጃዎቹ ዓመቶች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የእጅ ማገጃ የላቸውም። የሌበል ካዝና ከበርሜሉ ሥር ያለ ቱቦ ነው፦ 8 በቱቦው፣ 1 በማንሻው፣ 1 በበርሜሉ፣ ጠቅላላ 10 ጥይት ሊደበቅበት ይችላል። መዝጊያውን ከፍቶ «ባዶ ነው» ማለት እዚህ አይሠራም። የካዝናውን ጥይት የሚያግደው መቁረጫ እንዲለቅ አድርጎ፣ ምላጩን ሳይነኩ፣ ምንም እስከማይወጣ ድረስ መዝጊያውን መመላለስ፣ ከዚያም ቱቦውን በዓይን ማየት ያስፈልጋል። ውጅግራ 11 ሚሊ ሜትር፣ ባለ አንድ ጥይት፣ ለጥቁር ባሩድ የተሠራ ነው። ጭስ የሌለው ባሩድ አይሞላበትም። ለግድግዳ ያምራል።

«ስምንት» የሚባለው ጥይት የተለየ ማስጠንቀቂያ ይገባዋል። የሌበል 8፣ የማንሊኸር 8 እና የሞዘር 7.92 ሁሉም በገበያ ስምንት ይባላሉ፣ አንዱ ለሌላው አይሆንም። የሞዘሩ ከንፈር የለውም፣ ሁለቱ አላቸው። ከዚያም በላይ የ1888ቱ የጀርመን ጠመንጃ መጀመሪያ የተሠራው 8.08 ሚሊ ሜትር ለሆነ እርሳስ (ከአፈሙዙ ለሚወጣው የጥይቱ ክፍል) ነበር፤ የኋለኛው የሞዘር እርሳስ 8.20 ነው። ጥይቱ ይገባል፣ መዝጊያውም ይዘጋል፣ ችግሩ ሲተኮስ ነው። በርሜሉ ሳይለካ በጥይቱ ስም ብቻ አይታመን።

ማገጃ ይሠራ እንደሆነ የሚታወቀው በሙከራ ነው፣ ማገጃ ላለው ዓይነት ሁሉ አንድ ነው። አፈሙዙን ጉዳት ወደማያደርስበት ያዙሩ፣ መዝጊያውን ይክፈቱ፣ በርሜሉን በትንሿ ጣት ይዳስሱ፣ ካዝናውን ይዩ። ባዶ መሆኑ ሲረጋገጥ ይዝጉትና መርፌው ተወጥሮ ማገጃውን ያስገቡ። ምላጩን ጠንከር አድርገው ይሳቡ፣ ይልቀቁ። አሁን ምላጩን ሳይነኩ ማገጃውን ብቻ ይፍቱ። መርፌው «ቀጭ» ብሎ ከወረደ ማገጃው ተበልቷል፤ ጥይት ቢኖርበት ይተኩስ ነበር። ቀጥለው፣ እንደገና ወጥረው፣ ማገጃውን ፈትተው ሰደፉን በጎማ ምንጣፍ ላይ ከአንድ ስንዝር ቁመት መታ ያድርጉት። ከወረደ መርፌውን ወጥሮ የሚይዘው መያዣ አልቋል ወይም አንድ ሰው ምላጩ እንዲለሰልስ ሞርዶታል። ሁለተኛው ይበዛል። የተሞረደ መያዣ በሞረድ አይመለስም፣ ክፍሉ ይቀየራል።

አንድ ልማድ ግን በየትኛውም ጠመንጃ ላይ ይቅር፦ ጥይት አጉርሶ፣ ምላጩን ይዞ፣ መዝጊያውን ቀስ አድርጎ መዝጋት። መርፌው «ዝቅ ብሏል» ይባላል፤ እውነቱ ግን የመርፌው ጫፍ ካፕሱሉ ላይ ማረፉ ነው። ጠመንጃው ከጀርባው ቢወድቅ ሊተኩስ ይችላል። በሞዘር የሚሻለው ካዝናውን ሞልቶ፣ የላዩን ጥይት በአውራ ጣት ወደ ታች ጫን አድርጎ፣ መዝጊያውን ከበላዩ ባዶ ማሳለፍ ነው። ሲያስፈልግ አንድ ምልልስ ይበቃል።

ጥይት ቢከሽፍ አፈሙዙ ከዒላማው ሳይነሳ ቢያንስ 30 ሰከንድ ይጠበቅ፣ ፊት ዞር ብሎ ቀስ ተብሎ ይከፈት። ድምፁ ደከም ያለ ጥይት ከተተኮሰ ደግሞ ቀጣዩ አይተኮስም፤ እርሳሱ በርሜል ውስጥ ቀርቶ ሊሆን ስለሚችል በዘንግ ይፈተሻል። የተተኮሰውን ቀለህ ማንበብም ይጠቅማል፦ ከታች ከፍ ብሎ የሚያብረቀርቅ ቀለበት ከታየበት ክፍተቱ ሰፍቷል፣ ቀጣዩ ቀለህ ሊበጠስ ይችላል።

የድሮ ወታደራዊ ጥይት ካፕሱል በርሜል ውስጥ ጨው ይተዋል፣ ጨው ደግሞ በዘይት አይሟሟም። በዚያው ቀን የፈላ ውሃ በበርሜሉ ማፍሰስ፣ በደረቅ ጨርቅ ማድረቅ፣ ስስ ዘይት መቀባት፣ ሁለት ሦስት ቀን መድገም። ከሐረር ደጋ በደንገጎ ቁልቁል ወደ ድሬዳዋ ሙቀት የወረደ ጠመንጃ ደግሞ እንጨቱ ይደርቅና ይሸሻል፣ ከምላጩ ፊትና ኋላ ያሉት ሁለት ዋና ብሎኖች ይላላሉ። ዒላማው ሳተ ብሎ ማያውን ከመነካካት በፊት እነዚህን ብሎኖች፣ መጀመሪያ የፊቱን ቀጥሎ የኋላውን፣ ልኩ በሆነ መፍቻ ማጥበቅ ነው።