ጻቮ የዝሆን ካምፕ ኢንተርንሺፕ፣ መሄድ ለምታስቡ

ኬንያ ጻቮ ውስጥ ዝሆን ጥበቃ ላይ ኢንተርን ሆኜ ስለሰራሁበት ካምፕ ብዙ ሰው ስለጠየቀኝ ነው፣ ስሙን ግን አልጠራም። ስራው ደስ ይላል፣ ይከብዳልም። ዝሆን መዳሰስ ጡጦ ማጥባት ምናምን አስባችሁ ከሆነ እሱን እርሱት፣ እዚህ የዱር ዝሆኖቹን ከመኪና ሳትወርድ ነው የምታየው። ጠዋት በጨለማ ተነስተህ በላንድክሩዘር ትወጣና የእያንዳንዱን ዝሆን ጆሮ ፎቶ ታነሳለህ፣ ምክንያቱም ጠርዙ ላይ ያለው ቅዳጅና ቀዳዳ የአንዱ ከሌላው አይመሳሰልም፣ መታወቂያቸው በለው። ከሰዓት ደግሞ ኮምፒውተር ላይ ፎቶ ማመሳከር ነው፣ ዓይን ያፈዛል።

እኔን በጣም የማረከኝ የንብ አጥሩ ነው። ገበሬዎቹ ማሳቸው ዙሪያ ቀፎ በሽቦ አያይዘው ያንጠለጥላሉ፣ ዝሆኑ ሽቦውን ሲገፋው ቀፎዎቹ ይወዛወዙና ንቡ ግልብጥ ብሎ ይወጣል፣ ዝሆን ያን ሁሉ አካል ይዞ ንብ ይፈራል፣ ይሸሻል። በቆሎው ይተርፋል፣ ማሩም ይሸጣል፣ ገበሬውም ዝሆኑን ጠላት አያደርገውም። እኛም አገር ዝሆን ባለበት ባቢሌ አካባቢ ላሉት ገበሬዎቻችንም ከልቤ እመኘዋለሁ።

ቅሬታዬ ክፍያው ላይ ነው። ከፍለህ ነው የምትሰራው፣ ከዛ ብር ውስጥ ምን ያህሉ ለሬንጀሮቹ (ለዱር እንስሳት ጠባቂዎቹ) እንደሚደርስ ጠይቄ ግልጽ መልስ አላገኘሁም፣ እነሱ ናቸው እኮ ሌሊቱን ዱር የሚያድሩት። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት በጽሁፍ ጠይቁ።

ምግቡ ኡጋሊ (የበቆሎ ገንፎ) እና ሱኩማ (ጎመን) ነው፣ ይጣፍጣል። ከሰኔ እስከ ጥቅምት ደረቅ ስለሆነ ዝሆኖቹ ውሃ ዳር ይሰበሰባሉ፣ ያኔ ሂዱ፣ የወባ መከላከያ መድኃኒትም ያዙ።